ስለ «ሚል»፤ አንድ ቃል በሦስት አገር

ዛሬ የምናቀርብላችሁ ንግግር ስለ ነገሥታት ታሪክ ወይም ስለ ጦርነት አይደለም። በላቲን ፊደል ቢጻፍ ከሦስት ሆሄ የማይበልጥ፥ በእኛም ፊደል በሁለት ሆሄ የሚያልቅ፥ ስለ አንድ ትንሽ ቃል ነው። ቃሉም «ሚል» ይባላል።

ይህ ቃል በብሪታንያ ደሴት ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በሚገኘው በኮርንዎል አገር፥ እንዲሁም በፈረንሳይና በስዊድን ይነገራል። ድምፁ በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው ለማለት ይቻላል፤ ፍቺው ግን እንደ አገሩ ይለያያል። በኮርንዎል ቋንቋ፥ በኮርኒሽ፥ «ሚል» ማለት «ሺህ» ነው፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ «እንስሳ» ማለት ነው። በፈረንሳይኛ «ሺህ» ነው፤ በሌላ ጊዜ የማሽላና የዳጉሳ ዘመድ የሆነ የጥቃቅን እህል ስም ነው። በስዊድንኛ ግን ቁጥርም እንስሳም እህልም አይደለም፤ የመንገድ መለኪያ ነው፤ ልኩም 10 ኪሎሜትር ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። ከስዊድን አገር ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ እንበል፤ በደብዳቤውም ውስጥ የሥራው ቦታ ከከተማው «ሦስት ሚል» ይርቃል ተብሎ ተጽፏል። ተርጓሚው ጸሐፊ የሚያውቀው የእንግሊዙን ማይል ነውና «ሦስት ማይል» ብሎ ይጽፈዋል፤ ይኸውም 5 ኪሎሜትር የማይሞላ መንገድ ነው። መልእክተኛውም «ይህማ በእግር ይዘለቃል» ብሎ ማለዳ ይነሣል። እውነተኛው መንገድ ግን 30 ኪሎሜትር ነው። በወረቀት ላይ አንዲት ቃል ብትሳሳት በሰው እግር ላይ የ25 ኪሎሜትር ቅጣት ሆነች ማለት ነው። እንግዲህ የቃሉን ታሪክ ከሥሩ እንከተለው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የ«ሚል» አባት የሮማውያን ቋንቋ የሆነው የላቲን «ሚሌ» ነው፤ ፍቺውም «ሺህ» ነው። የሮማ ሠራዊት መንገዱን የሚለካው በርምጃ ነበር። ነገር ግን የእነርሱ ርምጃ እኛ እንደምንቈጥረው አንድ እግር አንሥቶ መጣል አይደለም፤ ግራ እግር ከተነሣበት አንሥቶ ያው ግራ እግር እንደ ገና እስኪያርፍ ድረስ ያለው ነው፤ ልኩም አምስት የሮማ ጫማ ነበር። ይህን ሺህ ጊዜ ያህል ቢራመዱ አንድ የሮማ ማይል ይሆናል፤ በዛሬው ልክ ወደ 1,480 ሜትር ገደማ ነው። በየማይሉም የንጉሠ ነገሥቱ ስም የተቀረጸበት የድንጋይ ምሰሶ በመንገዱ ዳር ይተከል ነበር።

የላቲን ሰዋስውም በዚህ ቃል ላይ ልዩ ሕግ ነበረው። አንድ ሺህ ሲሆን «ሚሌ» የማይለወጥ ቅጽል ነው። ሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን «ሚሊያ» የሚባል የብዙ ስም ይሆናል፤ የሚቈጠረውም ነገር ዘርፍ ሆኖ ይከተለዋል፤ «ሁለት ሺዎች የርምጃ» እንደ ማለት ነው። አንባብያን ይህን ልዩነት እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ሮማ ከወደቀች ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በፈረንሳይ አገር እንደ ገና እናገኘዋለንና።

በመጀመሪያ ወደ ኮርንዎል እንሂድ። ሮማውያን ብሪታንያን መያዝ የጀመሩት በ43 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ግዛታቸውም እስከ አምስተኛው መቶ ዓመት መባቻ ቈይቷል። የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ቋንቋ የኬልት ወገን ነበር፤ ከእርሱም የዌልስ፥ የብሬታኝና የኮርንዎል ቋንቋዎች ወጥተዋል። እነዚህ ሕዝቦች ከገዢዎቻቸው ብዙ ቃል ሲወርሱ «ሚሌ»ንም ወረሱ፤ ጫፉ ተቈርጦ «ሚል» ሆነ። በኮርንዎል ውስጥ በቲንታጀል ቤተ ክርስቲያን የቄሣር ሊኪኒዮስ ስም ያለበት የሮማውያን የመንገድ ድንጋይ እስከ ዛሬ ይገኛል፤ ይህ ቄሣር የነገሠው ከ308 እስከ 324 ነው። ድንጋዩም ቃሉም ከአንድ ዘመን የቀሩ ቅርሶች ናቸው፤ ልዩነታቸው ድንጋዩ በቆመበት ሲቀር ቃሉ በሰው አፍ መጓዙ ነው።

ነገር ግን ላቲኑ «ሚል» ሲመጣ በአገሩ ሌላ «ሚል» ቀድሞት ተቀምጦ ነበር። ይኸኛው የራሱ የኬልቶች ቃል ሲሆን ፍቺው «እንስሳ» ነው። ስለዚህ በኮርኒሽ ሺሁና እንስሳው አንድ ድምፅ ይዘው ይኖራሉ። የሚለያዩት በጾታ ነው፤ እንስሳው ተባዕታይ፥ ሺሁ አንስታይ ነው። የኮርንዎል ሰው «ሁለት» ለማለት ለወንድ «ዴው»፥ ለሴት «ዲው» ይላል። ከዚህም ቃል በኋላ የሚመጣው ስም የመጀመሪያ ፊደሉ ይለዝባል፤ «ሚ» የነበረው «ቪ» ይሆናል። ስለዚህ «ዴው ቪል» ሁለት እንስሳ፥ «ዲው ቪል» ሁለት ሺህ ነው። ሦስት ሲሆን ደግሞ «ትሪ ሚል» ሦስት እንስሳ፥ «ቴይር ሚል» ሦስት ሺህ ይሆናል። በንግድ ቦታ ይህን ልዩነት ያልሰማ ሰው ሁለት ከብት የገዛ መስሎት የሁለት ሺህ ዕዳ ሊሸከም ይችላል ብሎ መቀለድ ይቻላል።

ከዚህም የተነሣ ቋንቋውን የሚማር ሰው «ቪል» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ በቪ ተራ ቢፈልግ አያገኘውም፤ በሚ ተራ መፈለግ አለበት። ሺሁ ራሱም የሚከተለውን ቃል ያለዝባል። «ቲር» ማለት ምድር ነው፤ «ሚል» እና «ቲር» ሲጋጠሙ «ሚልዲር» ይሆናሉ፤ ፍቺውም ማይል ነው። የሮማውያን ሺህ ርምጃ በኮርንዎል ሰው ዘንድ «ሺህ ምድር» ሆነ ማለት ነው። ከእንስሳው «ሚል» ደግሞ «ሚልቫ» የሚባል ቃል ወጥቷል፤ «የእንስሳ ቦታ» ማለት ሲሆን የአራዊት መጠበቂያ ግቢን ያመለክታል።

የኮርኒሽ ሰዋስው ከቁጥር በኋላ የሚመጣውን ስም አያበዛም፤ «አሥር ሰው» ይላል እንጂ «አሥር ሰዎች» አይልም። ይህ ለአውሮፓ ተማሪ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ለእኛ ግን አይከብደንም። እኛም ገበያ ወጥተን «ሦስት በሬ»፥ «መቶ ብር» እንላለንና።

የዚህ ቋንቋ ዕድል ግን የሚያሳዝን ሆነ። በ1549 የእንግሊዝ መንግሥት የጸሎት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ባዘዘ ጊዜ የኮርንዎል ሰዎች፥ ከመካከላችን እንግሊዝኛ የማያውቁ አሉ ብለው ተቃወሙ፤ ዓመፁም በብዙ ደም ተገታ። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ወደ ምዕራብ እየተገፋ በዓሣ አጥማጆች መንደር ብቻ ቀረ። በ1777 ማውዝሆል በሚባለው መንደር ያረፈችው ዶሊ ፔንትሪዝ በልማድ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ትባላለች። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ግን የቋንቋ ሊቃውንት ወደ እነዚያ መንደሮች ሄደው ሽማግሎችን በጠየቁ ጊዜ በአፍ ቀርተው ከተገኙት ቃላት መካከል ቁጥሮች ነበሩ። ሰው ጸሎቱንና ተረቱን ከረሳ በኋላ እንኳ ቁጥሩን አለመርሳቱ የሚያስገርም ነው። ነገር ግን በአፍ የቀሩት ድሀ አጥማጅ ዓሣውን የሚቈጥርባቸው ትናንሾቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ታላቁን ቁጥር «ሚል»ን ያቈዩት የጥንት ተውኔቶች የተጻፉባቸው ብራናዎች ናቸው። ከእነዚህም ጽሑፎች በመነሣት ሄንሪ ጄነር በ1904 የኮርኒሽን መማሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቋንቋውም ከመቃብር አፋፍ ተመለሰ። በ2002 የብሪታንያ መንግሥት በአውሮፓ የቋንቋዎች ቃል ኪዳን መሠረት ዕውቅና ሰጠው፤ ዩኔስኮም ቀድሞ «የሞተ» ብሎት የነበረውን በ2010 «በብርቱ የሚያሰጋ» ወደሚለው መደብ ለወጠው። ዛሬ በኮርንዎል «ሚል» ብሎ የሚቈጥር ሕፃን ቢገኝ የብራና ጸሐፊዎች ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። ፈረንሳይኛ የላቲን ልጅ ስለ ሆነ ቃሉን አልተዋሰም፤ ወረሰ እንጂ። ከነጠላው «ሚሌ» በሦስት የላቲን ሆሄ የሚጻፈው «ሚል» ወጣ፤ ከብዙው «ሚሊያ» ደግሞ በአምስት ሆሄ የሚጻፈው ሌላው «ሚል» ወጣ። በንግግር ሁለቱ አይለዩም። በጥንቱ ዘመን አጭሩ ለአንድ ሺህ፥ ረጅሙ ለሁለት ሺህና ከዚያ በላይ ነበር። በኋላ ረጅሙ አሸንፎ ቦታውን ሁሉ ያዘ፤ አጭሩ የቀረው ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ፥ ለምሳሌ «ሺህኛው ዓመት» ሲባል ብቻ ነው። የድሮ ሹም ማዕረጉ ተወስዶ በበዓል ቀን ብቻ ካባውን እንደሚለብስ ዓይነት ነው።

የፈረንሳይ ተማሪ ቤት ልጆችን ያስለቀሰ ሌላም ሕግ አለ። «ሁለት መቶ» ሲጻፍ መቶው የብዛት ምልክት ይጨመርለታል፤ «ሁለት ሺህ» ሲጻፍ ግን ሺሁ ምንም አይጨመርለትም። መምህሩ «ሕጉ ይህ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ምክንያቱ ግን ከላይ ባየነው በላቲኑ ሰዋስው ውስጥ ይገኛል። ረጅሙ «ሚል» ከ«ሚሊያ» የወጣ ነውና አስቀድሞ ብዙ ነው፤ ብዙውን እንደ ገና ማብዛት አያስፈልግም። ይኸው ቃል «የባሕር ማይል» የሚል ፍቺ ሲኖረው ግን ተራ ስም ይሆናልና የብዛት ምልክቱን ይቀበላል። እንግዲህ ሦስት ሺህንና ሦስት ማይልን በጽሕፈት የሚለያቸው በቃሉ መጨረሻ ያለች አንዲት ሆሄ ናት፤ እርስዋም አትነበብም። እህሉ «ሚል» ግን ከእነዚህ ጋር ዝምድና የለውም፤ «ሚሊየም» ከሚባል ከሌላ የላቲን ቃል የመጣ ነው።

የሚያስደንቀው ነገር ፈረንሳዮች መንገዳቸውን ሲለኩ የላቲኑን ቃል አለመውደዳቸው ነው። የእነርሱ የመንገድ መለኪያ «ልዩ» ይባል ነበር፤ ይህም የጥንቶቹ የጎል ሕዝቦች የኬልት ቃል ነው። ልኩ አንድ ማይል ተኩል ነበር፤ ሮማውያን ራሳቸው ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምረው በጎል ምድር የመንገድ ድንጋዮችን በዚሁ መለኪያ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ስለዚህ ነገሩ ተገለባበጠ፤ የኬልቱ ወገን የኮርንዎል ሰው በላቲን ቃል ሺህ ይቈጥራል፤ የላቲኑ ወገን ፈረንሳዊ በኬልት ቃል መንገድ ይለካል። ድል አድራጊው ከተሸነፈው፥ የተሸነፈውም ከድል አድራጊው ቃል ይማርካል።

ከዚህ በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን 1795 የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት የሜትርን ሕግ አወጣ። ሊቃውንቱም ለሚበዛው መለኪያ የግሪክን፥ ለሚያንሰው የላቲንን ቃል መደቡ። «ኪሎ» በግሪክ ሺህ ነውና ኪሎሜትር ሺህ ሜትር ሆነ፤ «ሚሌ» በላቲን ሺህ ሲሆን «ሚሊሜትር» ግን የሜትር አንድ ሺህኛ ሆነ። አንድ ዓይነት ፍቺ የነበራቸው ሁለት ቃላት አንዱ ወደ ላይ፥ ሌላው ወደ ታች ተሾሙ። ጣልያኖች ደግሞ በዚሁ ቃል ላይ የማግዘፊያ ጫፍ ቀጥለው «ታላቅ ሺህ» ለማለት «ሚሊዮን» ብለው ነበር። እኛም በበጀት መዝገብ የምንጽፈው ሚሊዮንና በማስመሪያ የምንለካው ሚሊሜትር ከአንድ ማሕፀን የወጡ ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ሰሜን፥ ወደ ስዊድን እንውጣ። የሮማ ሠራዊት እዚያ ከቶ አልደረሰም፤ ቃሉ ግን በጀርመን ወገን ሕዝቦች በኩል ደረሰ። እነዚህ ሕዝቦች የተዋሱት ብዙውን «ሚሊያ»ን ሲሆን እንደ ነጠላ ስም ያዙት። ሺህ የሚለው ፍቺ በመንገድ ቀረ፤ ርቀት የሚለው ብቻ ተጓዘ። የሰሜን ሰዎች አስቀድሞ «ራስት» የሚባል የራሳቸው መለኪያ ነበራቸው፤ ይህም «ዕረፍት» ማለት ሲሆን መንገደኛ ከአንድ ዕረፍት እስከ ሁለተኛው የሚሄደው ርቀት ነው። ባዕዱ «ሚል» በዚህ በረጅሙ የአገር መለኪያ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ከሮማው ማይል ብዙ እጥፍ ሆነ።

ደግሞም በስዊድን የየአውራጃው ሚል የተለያየ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን ገበሬው ለመንገደኛና ለመንግሥት መልእክተኛ ፈረስ የማቅረብ ግዴታ ነበረበት፤ ዋጋውም የሚቈረጠው በሚል ነው። ሚሉ በረዘመ ቍጥር የገበሬው ፈረስ በአንድ ዋጋ ብዙ ይደክማል። ስለዚህ በንግሥት ክሪስቲና ዘመን፥ በ1649፥ የእንግዳ ማረፊያዎች ደንብ ሲወጣ የሚሉ ልክ 18,000 ክንድ እንዲሆን ተወሰነ፤ ይኸውም 10,688 ሜትር ያህል ነው። በየመንገዱም ዳር የሚል ምሰሶ እንዲቆም ታዘዘ። መንገደኛውና ገበሬው ሲከራከሩ የሚዳኛቸው ያ ድንጋይ ነበር። ስዊድን የሜትርን መለኪያ ሙሉ በሙሉ በተቀበለችበት በ1889 ደግሞ ሚሉ ወደ 10 ኪሎሜትር ተስተካከለ።

በሰዋስው በኩል የስዊድኑ «ሚል» ተራ ስም ነው፤ «ኤን ሚል» አንድ ሚል፥ «ትቮ ሚል» ሁለት ሚል፤ ሲበዛ መልኩ አይለወጥም። «ሚሉ» ተብሎ ተለይቶ ሲጠራ «ሚሌን» ይሆናል፤ ማመልከቻው እንደ አማርኛችን በስሙ መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 ባሳተመው ተረት ውስጥ ያለው የአስማት ጫማ በፈረንሳይኛ «የሰባት ልዩ ጫማ» ሲባል በስዊድንኛ «የሰባት ሚል ጫማ» ተብሏል፤ በትርጉም ብቻ የጫማው ርምጃ ከእጥፍ በላይ ረዘመ። ዛሬም የስዊድን መንግሥት ሠራተኛ በራሱ መኪና ለሥራ ሲሄድ የመንገድ አበሉ የሚታሰበው በሚል ነው፤ የመኪናውም ቤንዚን የሚቈጠረው በአንድ ሚል ይህን ያህል ሊትር እየተባለ ነው።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳትሉ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። በዕብራይስጥ «ኤሌፍ»፥ በዓረብኛ «አልፍ» ማለት ሺህ ነው። በግእዝ ግን ያው ቃል «እልፍ» ዐሥር ሺህ ነው፤ ሺህን ግእዝ «ዐሠርቱ ምእት» ይለዋል። የሴም ወገን የሆነው ቃል ቀይ ባሕርን ሲሻገር ዐሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ዕብራይስጡን ወይም ዓረብኛውን አይቶ በድምፅ ብቻ «እልፍ» ብሎ የሚተረጕም ሰው የስዊድኑን ደብዳቤ እንዳነበበው ጸሐፊ ይሳሳታል።

ሁለተኛም ማስረጃ አለ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቍጥር 41 የሮማውን ማይል የሚያመለክተው ቃል ይገኛል፤ ግሪኩ ከላቲን ተውሶ «ሚሊዮን» ይለዋል፤ ይህም የዛሬው የገንዘብ ሚሊዮን አይደለም። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቃሉን አልተዋሰም፤ «ምዕራፍ» ብሎ ተረጐመው። ምዕራፍ «ዐረፈ» ከሚለው የወጣ ሲሆን ማረፊያ ማለት ነው። የስዊድን ሰው «ራስት» ብሎ የለካውን የእኛ ሊቃውንት ሳይተያዩና ሳይመካከሩ በዕረፍት ለኩት፤ የሚደክም እግርና ማረፊያ የሚሻ ጐን በሰሜንም በደቡብም አንድ ነውና። በአዲስ አበባም ስድስት ኪሎ ወይም አራት ኪሎ ብለን ስንጠራ የግሪኮችን «ሺህ» በአፋችን እንደያዝን አናስብም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ቃል መንገደኛ ነው፤ በደረሰበት አገር የአገሩን ልብስ ይለብሳል። ስለዚህ ቃልን በድምፁ ብቻ አውቀዋለሁ ማለት አይገባም፤ ከየት እንደ መጣ፥ አሁን በማን ቤት እንዳለ፥ በዚያም ቤት ሕጉ ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ልክ የሚሆነው በቃሉ ኀይል ሳይሆን በሰዎች ስምምነት ነው። ስምምነቱ ግልጽ ባልሆነበት ጊዜ የሚጎዳው ሁልጊዜ ሩቅ የሚሄደው ሰው ነው፤ በስዊድን ገበሬው፥ በወንጌሉ ዘመን የወታደር ሸክም እንዲሸከም የሚገደደው መንገደኛ፥ በእኛም ዘመን በተሳሳተ ወረቀት የተላከው ተላላኪ።

በጠረጴዛችሁ ላይ በየቀኑ የሚያልፉት ወረቀቶች በቁጥርና በልክ የተሞሉ ናቸው። ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተኋላ የሚሄድ እግር፥ የሚደክም ፈረስ፥ የሚጠበቅ አበል አለ። እንግዲህ ብዕራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት «ይህ ሚል የማን ሚል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደኅና ሰንብቱ።